ጀርባቸውን የሰጡን እንግዶች

ልጅ ሳለሁ ተረት ባዶ እጁን ለተቀመጠ ሰው የማይመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያኔ ተረት የምትነግረኝ የአባቴ ታላቅ እህት እጇ ሥራ ካልያዘ አፏ አይከፈትም። ከብቶቹ ገብተው በቤቱ በአንደኛው ወገን ከታሰሩ በኋላ፣ ምድጃው ላይ ያለው ግንድ ወደ ፍምነት ሲቃረብ፣ ከእንሰት የወጣ ቃጫ ታቀርብና በሁለት መዳፎቿ መካከል እያሸች ገመድ መግመድ ትጀምራለች፤ ገመዱ አንድ ክንድ ያህል ሲደርስ ተረቱም ይጀመራል። ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይጨሳል፣ ጭሱ ዓይኔን ይለበልበኛል፣ እኔ ግን ዓይኔን ከጣቶቿ ላይ አልነቅልም። ጣቶቿ ከቆሙ ጨዋታው አለቀ፣ መኝታ መጣ ማለት ነበርና።

ስሟ ዘነበች ነበር፤ በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። መንደሩ ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ «አዬ» ይላታል፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። የራሷ ልጅ አልነበራትም። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት ብቻዋን አርሳ፣ ብቻዋን እንሰት ተክላ የኖረች ሴት ናት። ጎረቤት ሲጣላ የሚታረቀው እሷ ደጅ ላይ ነው፣ አዲስ ሙሽራ ስትመጣ እንሰት መፋቅ የምታስተምራት እሷ ናት። እኛ የምንኖረው ሶዶ ከተማ ነበር፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ግን አባቴ ሚኒባስ ላይ ያሳፍረኝና ከአስፋልቱ ወርጄ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። የአዬ ቤት ከጥንቱ የድንጋይ ካብ በታች ነበር። ካቡ ወላይታ የራሱ ንጉሥ በነበረው ዘመን ድንበሩ ላይ የተሠራ ነው፤ ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ኮረብታውን ተከትሎ ይሄድና፣ ሰው የሚያልፍበት ኬላ ላይ ሲደርስ ይከፈታል። ልጆች ፍየል ሲጠብቁ ይቀመጡበታል፣ ሴቶች ልብስ ያሰጡበታል።

የአዬ ተረቶች ሁሉ የዚያ ካብ ተረቶች ነበሩ፤ ንጉሥ ግን አይገባባቸውም፣ ቢገባም አልፎ ሂያጅ ነው። እሷ የምታወራው ኬላውን የሚጠብቁት ሰዎች ጠዋት ምን እንደቀመሱ፣ ውኃ ማን እንደቀዳላቸው፣ ጠላት ሲቃረብ ያለቀሰውን ሕፃን እናቱ በምን ዝም እንዳሰኘችው ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ጦርነቱ ንገሪኝ ብዬ ብነዘንዛት፣ «ጦሩንማ ወንዶቹ ይነግሩሻል። ጦረኛው ምን በልቶ እንደዋለ ጠይቂያቸው እስቲ፣ ዝም ነው የሚሉሽ» አለችና ሳቀች። ያኔ ብዙም አልገባኝም። ግን ከዚያ ቤት በወጣሁ ቁጥር በካቡ ሥር ሳልፍ ድንጋዩ የሰው ቤት ጓዳ እንጂ ምሽግ አይመስለኝም ነበር፤ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ያለ እየመሰለኝ እኮራ ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ይኸው ኩራቴ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የባህል ክበብ ነበር። በዚያ ዘመን ባህል ማሳየት የሁሉም መሥሪያ ቤት ሥራ ሆኖ ነበር፤ ኅዳር ላይ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ዱንጉዛ ያልለበሰ ሰው ከተማው ውስጥ አይገኝም፣ ጥቁርና ቀይና ቢጫው ጥለት ከሱቅ ያልቃል። የክበባችን ኃላፊ መምህር ማቴዎስ የሚባሉ ቀጭን፣ ነገር የማያድርባቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ክበቡን ሰብስበው በዚያ ዓመት ጭፈራ ብቻ እንደማይበቃ ነገሩን። እዚያው ካቡ ላይ፣ የጥንቶቹ የድንበር ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር በሥራ ይታያል፤ ሸማኔው ይሸምናል፣ ቀጥቃጩ ማጭድ ይመታል፣ ወጣቶች ጦርና ጋሻ ይዘው ኬላ ይጠብቃሉ። አስተዳዳሪዎችና እንግዶች ከዞንም ከአዋሳም ይመጣሉ። «የጎደለን» አሉ መምህር፣ «እንሰት የምትፍቅ እናት ናት። እየፋቀች ደግሞ የጥንቱን የምታወራ።»

እጄን አወጣሁ። አክስቴ ትፍቃለች፣ ተረትም ታውቃለች፣ ቤቷም እዚያው ነው አልኩ። «ትመጣለች?» ሲሉኝ ለአፍታ እንኳ ሳላስብ «አዎ» አልኩ። ስሟን ጻፉ። በሳምንቱ ፕሮግራሙ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ጓደኞቼን እየጎተትኩ ወስጄ አሳየኋቸው፤ «ወ/ሮ ዘነበች» የሚለውን በጣቴ እየነካሁ።

ቅዳሜ ለአዬ ልነግራት ሄድኩ። ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ አሚቾ፣ ተቀቅሎ የሚበላውን የእንሰት ሥር፣ ስትልጥ ደረስኩ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የምሬን መሆኑን ስታውቅ ቢላዋውን አስቀመጠች።

እዚህ ላይ እንሰት መፋቅ እንዴት እንደሆነ ላላየ ሰው መናገር አለብኝ። ሴትየዋ መሬት ላይ በተነጠፈ ቅጠል ላይ ትቀመጣለች። ከፊቷ ሳንቃ ዘንበል ተደርጎ ይቆማል፤ የእንሰቱን ልጥ ሳንቃው ላይ ታጋድምና ጫፉን በአንድ እግሯ ከላይ ትረግጠዋለች፣ ከዚያ በሁለት እጇ የያዘችውን የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትስበዋለች። እግር ካልተነሣ ልጡ አይያዝም። እግር ሲነሣ ደግሞ ልብስ ይሰበሰባል። ስለዚህ በእኛ ዘመዶች ደንብ እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይቀርብም፤ ባል እንኳ ዕቃ ፈልጎ ቢመጣ ከሩቅ ይስልና ባለበት ይቆማል። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሴት ልጅ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ከውስጥ ነበርኩ፣ ከውጭ የቀረ ሰው መኖሩ ግን እጄን ሳወጣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

«እግሬን አንሥቼ ለአስተዳዳሪ?» አለች አዬ።

የአሚቾውን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ስሜን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ።»

«ሳትጠይቂኝ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ምሽት ቃጫው ከግድግዳው አልወረደም። ኩራዙ በጊዜ ጠፋ፣ እኔ ቁርበቱ ላይ ሆኜ የከብቶቹን ማመስኳት እየሰማሁ አለቀስኩ። በሕይወቴ ያለ ተረት ያደርኩበት የመጀመሪያው የአዬ ቤት ሌሊት ነው።

ሰኞ ለመምህር ማቴዎስ ነገርኳቸው። ፕሮግራሙ ማኅተም ስላለበት አይነካም አሉ፤ ግን ክፉ ሰው አልነበሩምና መላ ፈለጉ። «የስፖርት ሱሪ ከሥር ትልበስ» አሉ። ቅዳሜ መልሼ ለአዬ አደረስኩ። «ሱሪ ለብሼ ስፍቅ ካየኝ እንሰቱ ራሱ ይስቃል» አለች። መምህር ሁለተኛ መላ ላኩ፤ ከክበቡ አንድ ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ ይፍቅ፣ እሷ ተረቱን ብቻ ትንገር። ይህን ስትሰማ አዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ወንድ! እጁ ላይ መፋቂያ!» ብላ በወላይትኛ እዚህ የማልጽፈውን ጨመረችበት። የመንደሩ ሴቶችም ሰምተው ነበር። አንዳንዶቹ በግልጽ ነገሯት፤ አዬ በወንድ ፊት ከተቀመጠች እኛ ልጆቻችንን በምን አፋችን ነው የምንቆጣው? ብትቀር እኔ ውሸታም፣ መምህሬ ተወቃሽ እንሆናለን። ብትመጣና ብትፍቅ ደግሞ ብቻዋን አርባ ዓመት ጠብቃ ያቆየችው ክብር በአንድ ቀን ሊሄድ ነው። ያንን ክብር ለሌላ ሰው አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እመጣለሁ። ስሜ ከተጻፈ እመጣለሁ። እዚያ የማደርገውን እዚያ አውቀዋለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ካቡ ሥር ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ጄኔሬተር እየተንደቀደቀ ማይኩን ያስጮኸዋል። ወጣቶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው ካቡ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው ግን ወደ እንግዶቹ ነው፣ ፎቶ ይነሣሉ። ሸማኔው ሸመነ፣ ተጨበጨበ። ቀጥቃጩ ወናፉን አስነፋ፣ ፍሙ ቀላ፣ ማጭዱ ወጣ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ መምህር ማቴዎስ የአክስቴን ስም ጠሩ።

አዬ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር መጣች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ መፋቂያውን ራሷ ይዛለች፣ ሳንቃውንና የተቆረጠውን እንሰት ሴቶቹ ተሸክመዋል። ቅጠሉ ተነጠፈ፣ ሳንቃው ዘንበል ተደርጎ ቆመ። እንግዶቹ በደንብ እንዲታያቸው ወንበራቸውን ሳቡ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ወጣት ፊት ለፊት መጥቶ በርከክ አለ፣ ካሜራውን ወደ ሳንቃው ግርጌ አስተካከለ። ሮጬ ሄጄ መሐል ልቆም ፈለግሁ።

አዬ አልተቀመጠችም። ማይክ ሲሰጧት በእጇ ጀርባ ገፋችው። «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ሰጠችና ወደ መምህር ማቴዎስ ዞረች። ከአዋሳ የመጡ እንግዶች ስላሉ በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ጋሼ መምህር፣ ድሮ እዚህ ካብ ላይ የቆመ ሰው ወዴት ነው ሚያይ?»

«ወደ ውጭ ነዋ፣ አዬ። ጠላት ወደሚመጣበት።»

«እና እነዚህ ወዴት ነው ሚያይ?» አለች፣ ጦር የያዙትን ወጣቶች እያሳየች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ክንዷን ዘርግታ ወንበሮቹን በሙሉ ጠቀለለቻቸው። «ዛሬ የድሮ ኑሮ ነው አላችሁ። እሺ። የድሮ ኑሮ እንዲህ ነው፦ ሴት ትሠራለች፣ ወንድ ከፊት ቆሞ ወደ ውጭ ይጠብቃል። ወንድ ሁሉ ወደ ካቡ ሂድ። ዞር በል።»

ሳቁ ቆመ። ማንም አልተነሣም። መምህር ማቴዎስ ፊታቸው አመድ መስሎ ጠጋ አሉና «አዬ፣ እባክዎ፣ እንግዶች እኮ ናቸው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንግዳ አይደለም። ዛሬ ጠባቂ ነው» አለች አዬ። መፋቂያውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ካልዞሩ እስኪመሽ እንደማትቀመጥ አወቅሁ። እነሱም ያወቁ ይመስለኛል።

በፊተኛው ረድፍ መሐል፣ ከዞን የመጡት ትልቁ እንግዳ ተቀምጠው ነበር፤ ኮት የለበሱ፣ ወፈር ያሉ ሰው። መጀመሪያ ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ተነሡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «የእኔም እናት ታባርረን ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ ሄደው ካቡ ጥግ ቆሙና ጀርባቸውን ሰጡን። ከእሳቸው በኋላ የቀረው ሁሉ ተነሣ። ከአዋሳ የመጡትም፣ ሾፌሮቹም፣ ፖሊሶቹም፣ ጋሻ የያዙት ወጣቶችም፣ መምህሬም። ቪዲዮ ቀራጩ «ለማስረጃ ነው እኮ» ብሎ ትንሽ ተከራከረ፤ አዬ በመፋቂያዋ ካቡን አሳየችው። እሱም ዞረ፣ ካሜራውን ይዞ። ያ ቪዲዮ ከዓመታት በኋላ ታይቶ ነበር፤ የሚታየው ከካቡ ማዶ ያለው ቆላና ሰማይ ብቻ ነው፣ የሚሰማው ግን የአዬ ድምፅ ነው።

ከዚያ ሴቶቹ ተጠጋን። ከወንበሮቹ መሐል ሂል ጫማ ያደረጉ የቢሮ ጸሐፊዎች፣ የክበቡ ልጃገረዶች፣ በወንድ ፊት እንዳትቀመጥ የነገሯት የመንደሩ ሴቶች ሳይቀሩ ከኋላ ብቅ ብቅ አሉ። አዬ ተቀመጠች። ልብሷን ሰበሰበች፣ እግሯን አነሣች፣ ልጡን ረገጠች። ሽርር አለ መፋቂያው። ለቆጮ የሚሆነው ነጭ እርጥብ ቅንጣት ቅጠሉ ላይ ወረደ፣ ቃጫው ሳንቃው ላይ ቀረ። ሽርር። ያን ሁሉ ወንድ ጸጥ ብሎ ድምፁን ብቻ ሲያዳምጥ አየሁት።

እጇ ሥራ ስለያዘ አፏም ተከፈተ። በወላይትኛ፣ ለጀርባዎቹ፣ ስለ አንድ ወጣት የኬላ ጠባቂ ነገረቻቸው፤ ከአዋሳ ለመጡት ጎናቸው የቆሙት ይተረጉሙላቸዋል። አዲስ ሙሽራ ነው። ከኋላው አሥር ሴቶች ሲፍቁ የሚስቱን መፋቂያ ድምፅ ከአሥሩ ለይቶ ያውቀዋል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት ዞረ። እሱ ሲዞር አንድ ባዕድ ሰው በኬላው ሰተት ብሎ ገባ፣ እሳቱ ዳር ተቀመጠ፣ የጠባቂዎቹን ቆጮ ከማባያው ከበርበሬ ዳጣው ጋር ጥርግ አድርጎ በላ፣ አፉን ጠርጎ በመጣበት ወጣ። ሚስትየዋ ባሏን ምን አለችው? «እኔን አየህ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። እራትህን ግን ፈልገህ አግኘው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አለች አዬ፣ በዚህ ካብ ላይ ወንድ አይዞርም። ጀርባዎቹ ሲስቁ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እናያለን፤ ወፍራሙ ሰውዬ ካቡን በእጃቸው ተደግፈው ነበር የሚስቁት፣ አንድም ሰው ግን አልዞረም።

«ነይ እስቲ፣ ስሜን የሰጠሽው» አለችኝ ድንገት። መፋቂያውን አስያዘችኝ፣ ከጎኗ አስቀመጠችኝ፣ ተረከዜን ይዛ ልጡ ላይ አቆመችው። እግሬ ተንሸራተተ፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ሁለተኛው ላይ ያዘልኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሸልሜያለሁ፣ ምረቃም አይቻለሁ፣ እንደዚያች ቅጽበት የኮራሁበት ቀን ግን የለም። የኮራሁት በራሴ አልነበረም፤ በእሷ ነበር።

ማምሻውን ወደ ቤት ስንወርድ እጄ በእንሰቱ ውኃ እያሳከከኝ፣ «አዬ፣ ያን ተረት ነግረሽኝ አታውቂም» አልኳት።

«አላውቅም።»

«እውነት ነው ግን?»

ቆመች። «ወንዶቹ ዞረው የለም እንዴ?» አለችኝ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ፣ «ሌላ ጊዜ ስሜን ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂኝ። ምናልባት እሺ እልሻለሁ። ግን ጠይቂኝ» አለች። በዚያ ምሽት ቃጫው ከግድግዳው ወረደ።

አዬ ከሞተች ቆይቷል። እኔ ሶዶ ቢሮ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ካቡን ሊጎበኙ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። ትዕይንቱ ቀርቶ አልነበረም፤ እንዲያውም አድጎ ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል። ዱንጉዛ የለበሰ አንድ ወጣት አስጎብኚ ፊታችን ቆመና በሚያምር አማርኛ፣ «ከጥንት ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ባለው የአባቶቻችን ደንብ መሠረት፣ እናቶች እንሰት ሲፍቁ ወንዶች ፊታቸውን ወደ ድንበሩ ያዞራሉ» አለ። የዞረውን ጠባቂ ተረትም ነገረን። ቆጮው በገንፎ ተለውጧል፤ ባዕዱ አንድ የነበረው ሦስት ሆኗል።

ላርመው አፌን ከፈትኩ። የአባቶች ደንብ አይደለም፣ የአንዲት መበለት ደንብ ነው፣ የተጀመረውም አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሳትጠይቅ ስም አሳልፋ ስለሰጠች ነው ልለው ነበር። ከዚያ ግን ተውኩት። እሷ ንጉሥ በተረቷ ውስጥ አልፎ ሂያጅ ብቻ እንዲሆን ያደረገች ሴት ናት፤ አሁን ነገሥታቱ ራሳቸው በአስጎብኚው አፍ ለእሷ ደንብ ዘብ ቆመውላት አየሁ። ስሟ የትም አልተጻፈም። ግን ያን ሁሉ ጎልማሳ፣ ያን ሁሉ ሹመኛ፣ ዛሬም ድረስ ከመቃብር ሆና ታዞረዋለች። ከልጅነቴ ምሽቶች የቀረልኝ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ተረቱን ብቻ አይደለም የነገረችኝ፣ ሰው በገዛ ቃሉ ለክብሩ እንዴት አጥር እንደሚሠራም ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን ወንዶች እየሳቁ ወደ ካቡ ሄደው ዞሩ። አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቅጠሉ ላይ ተቀመጠች፣ ልብሷን ሰበሰበች፣ ተረከዟን ልጡ ላይ አቆመች። አልፈራችም፣ አላፈረችም፣ ዙሪያዋን እንኳ አላየችም። ሽርር አለ መፋቂያው። እንባዬ መጣ፣ አፍንጫዬን ስስብ ከፊቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ የቆመው ባልደረባዬ ሰማኝ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ምንም። አንተ ብቻ እንዳትዞር» አልኩት።